እንጀራው የእናት፤ ስሙስ የማን?

በየስብሰባችን፣ በየሰርጉና በየምረቃው በዓል አንድ ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። ተናጋሪው ብድግ ይልና «እናቶቻችን እንጀራ ጋግረው፣ ሌሊት ሠርተው፣ እኛን ለዚህ አበቁን» ይላል፤ አዳራሹም በጭብጨባ ይናወጣል። ንግግሩ እውነት ነው፤ ጭብጨባውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጭብጨባው በኋላ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው እሱኑ ነው። ይኸውም «ያ ሁሉ እንጀራ የተጋገረው በማን ስም ነው?» የሚለው ነው።

ለአንዳንድ አንባቢ ይህ የመዝገብ ቤት ጣጣ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን የስደተኛ እናት ነፃነት ያለው እዚሁ ላይ ነው እንላለን። እናቶቻችን ዱሮም ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራን አሜሪካ መጥተው የተማሩ አይደሉም። አዲሱ ነገር ላባቸው ሳይሆን፣ የላባቸው ዋጋ በራሳቸው ስም ሊጻፍ መቻሉ ነው። ሊጻፍ ይችላል ማለት ግን ተጽፏል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ሳይጻፍ ሲቀር ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እናት ስታረጅ፣ ባሏ ሲሞት ወይም ትዳሯ ሲፈርስ እጇ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የምንናገረው በዋሽንግተንና በአጎራባቾቹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ነው፤ ዓመተ ምሕረቱንም የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከ1974ቱ አብዮት በፊት እዚህ አገር የነበረው ኢትዮጵያዊ ባብዛኛው ተማሪና ዲፕሎማት ነበር፤ ጉዳዩን ሲጨርስም ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግን መመለሻው ለብዙዎች ተዘጋ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሱዳን በኩል ለወጡት በር ከፈተ። በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረውና ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዲቪ ሎተሪ ደግሞ ባልን፣ ሚስትንና ልጆችን ባንድነት ማምጣት ጀመረ።

እናት ስትመጣ ምን ይዛ መጣች? በአገሯ አስተማሪ፣ ነርስ ወይም የባንክ ጸሐፊ የነበረችው ወረቀቷ እዚህ አልሠራላትም። የቤት እመቤት የነበረችው ደግሞ ለማሳየት የሚሆን ወረቀት እንኳ አልነበራትም። ሁለቱም የሆቴል አልጋ ማንጠፍ፣ በመኪና ማቆሚያ በር ላይ ገንዘብ መቀበል፣ አዛውንት ማስታመም ጀመሩ። በዚህ ሥራ ነውር የለበትም። ሆኖም የሰዓቱ ጌታ ሌላ ነው። ልጅ ታመመ ብሎ መቅረት ደመወዝ ያስቆርጣል፤ ሲደጋገምም ከሥራ ያስወጣል። ስለዚህ እናት ዞር ብላ ማንም አሠሪ ያልሰጣትን፣ ማንም አሠሪ ሊነሣት የማይችለውን አንድ ነገር ተመለከተች። እሱም የእጇ ሙያ ነው።

ሙያ ግን ያለ ዕቃ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጤፍ እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። እናቶች ከመደብር የሚገዛውን፣ ራሱን በራሱ የሚያነሣውን የስንዴ ዱቄት አምቦ ውሃን በሚመስለው ጋዝ ባለው ውሃ እያቦኩ፣ ዓይን ያለው እንጀራ ለማውጣት ደከሙ። በ1980ዎቹ በአይዳሆ ስቴት ጤፍ መዘራት ሲጀምር ነገሩ ቀለለ። የምጣዱ ታሪክ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች «ለፍሰ» የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ በዚህ አገር ይሸጥ ነበር። እናቶቻችን እሱን አንሥተው የእንጀራ ምጣድ አደረጉት። እንዲህ አድርጎ ያንዷ ስደተኛ እናት ዕቃ ለሌላዋ ስደተኛ እናት መተዳደሪያ ሆነ።

ሥራው እንዴት እንደሚያድግ ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ለቤት ከተጋገረው ተርፎ ለጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤት «በነፃማ አልወስድም» ትላለች። ቀጥላ ለሥራ ጓደኛዋ ትናገራለች። ከዚያ የክርስትና፣ የሰርግና የተዝካር ትእዛዝ ይመጣል። ከዚያም ባለ ሱቁ በከረጢት ታሽጎ እንዲመጣለት ይጠይቃል። አንዱ ምጣድ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል፤ በርበሬውና ሽሮውም ይከተላል። ሌላዋ እናት ልጅ ማሳደግ ታውቃለችና በቤቷ የሕፃናት መዋያ ትከፍታለች። ሌላዋ ጠጉር ትሠራለች። ሁሉም የሚጀምሩት ካንድ ቦታ ነው፤ ዱሮ ያለ ዋጋ ይሠሩት በነበረው ሥራ ላይ ዋጋ በመጻፍ።

በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ አንድ ነገር ይለወጣል። ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን የራሷ ነው። አገር ቤት ላለችው እናቷ መድኃኒት መግዣ ስትልክ ማንንም አታስፈቅድም። የልጇን የትምህርት ቤት ጉዞ ክፍያ ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጣለች። «አይሆንም» ለማለት የማትደፍረው ሴት የማይመቻትን ትእዛዝ «አይሆንም» ብላ ትመልሳለች። ይህን ለውጥ ያላየ፣ ንግድን የገንዘብ ነገር ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ሙያው አደባባይ የወጣበትንም ጊዜ እናስታውስ። በ1978 በዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና «ማማ ደስታ» የተባለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተከፈተ፤ የተጠራውም በወጥ ሠሪዋ በወይዘሮ ደስታ ባይሩ ስም ነበር። የሴት ሙያ ከጓዳ ወጥቶ በባዕድ ከተማ በር ላይ ስም ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በአዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ፣ በኋላም በዩ ስትሪትና በ9ኛው መንገድ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ የምግብ ቤቱና የሱቁ ብዛት ሲጨምር ኖሯል። ነገር ግን ስለ ማንም ቤት ለይተን ሳንናገር አንድ ነገር ማለት እንችላለን። በበር ላይ ያለው ስም አንድ ነገር ነው፤ በመንግሥት መዝገብና በባንክ ደብተር ያለው ስም ሌላ ነው። ደንበኛ የሚያነበው የፊተኛውን ነው፤ ዳኛና የጡረታ ሹም የሚያነቡት ግን የኋለኛውን ነው።

የኋለኛው ስም ብዙ ጊዜ የባል የሚሆነው ስለምንድን ነው? «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ከአፍ ብቻ አልቀረም፤ ሕግም ነበር። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነ፣ ሚስትም በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይናገር ነበር። በቁጥር 645 ደግሞ አንደኛው ተጋቢ ሌላው የያዘውን ሥራ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ሊቃወም ይችል ነበር። ይህ የኋለኛው ቃል ለሁለቱም እኩል የተጻፈ ቢመስልም፣ አንዱ ራስ ሌላዋ ታዛዥ በሆኑበት ቤት መቃወም የሚችለው ማን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የባልን ራስነት የሻረውና ባልና ሚስትን በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል ያደረገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ2000 ነው፤ እሱም በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የሚሠራ ሲሆን ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። እንግዲህ ከዚያ በፊት ተድራ፣ ከዚያ በፊት የተሰደደች እናት ያደገችበት ሕግ የፊተኛው ነው። ሕግ በአዋጅ ይሻራል፤ ልማድ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ባሕር ይሻገራል።

አሜሪካንም ከበደል ንጹሕ እናድርግ አንልም። በዚህ አገር ባንክ በጾታና በጋብቻ ምክንያት ብድር እንዳይከለክል በሕግ የታዘዘው በ1974 ነው። ለንግድ ብድር የወንድ ዘመድ ፊርማ የሚጠይቁትን የአንዳንድ ስቴት ሕጎች ያስወገደውና ለሴቶች ንግድ ድጋፍ የደነገገው ሕግ የወጣው ደግሞ በ1988 ነው። ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ እዚህ የደረሱት ከዚያ በፊት ነው። ቢሆንም ዛሬ በሩ ክፍት ነው። ዛሬ እናት የንግድ ፈቃድ በስሟ ልታወጣ፣ የባንክ ሒሳብ በስሟ ልትከፍት፣ ዘጠኝ አኃዝ ያለውን የግብር መለያ ቁጥር ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ያለ አንዳች ክፍያ ልታገኝ ትችላለች። ለዚህ ሁሉ የባል ፊርማ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ሒሳብ እንዲታገሠን እንለምናለን። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ የሒሳብ ሊቃውንት አይደለንም። ነገሩ ግን ሊቅ አያስፈልገውም። በዚህ አገር በሥራው ጡረታ የሚያገኝ ሰው በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ 40 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። በዓመት ከ4 ነጥብ በላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 የሥራ ዓመት ይጠይቃል። በ2025 አንድ ነጥብ የሚያዘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነበር፤ የዓመቱ አራት ነጥብ በ7,240 ዶላር ይሞላ ነበር ማለት ነው። በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰውም የዓመት ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ገቢውን አስታውቆ ለዚሁ የሚሆን 15.3 ከመቶ ይከፍላል።

እንግዲህ አንዲት እናት በ2025 ከእንጀራ ሽያጭ 12,000 ዶላር አተረፈች እንበል። በስሟ ብታስታውቅ ለጡረታና ለጤና መድን ወደ 1,700 ዶላር ገደማ ትከፍላለች። ይህ ያማል፤ አያምም አንልም። በለውጡ ግን የዓመቱ አራት ነጥብ በስሟ ይጻፋል። አሥር ዓመት እንዲሁ ብታደርግ፣ ባል ኖረ አልኖረ፣ ልጅ ደገፈ አልደገፈ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ የማይቋረጥ የራሷ ጡረታ አላት። «ለምን ለመንግሥት ትሰጫለሽ? በእጅሽ ተቀበዪና ዝም በዪ» ብለው የሚመክሯት ወዳጆች ግን 1,700 ዶላሩን ያሳዩዋታል እንጂ አርባውን ነጥብ አያሳዩዋትም። ሃያ ዓመት ጋግራ፣ በመዝገብ ግን አንድ ቀን ያልሠራች ሴት ሆና ታረጃለች። ደግሞም የማይታወቅ ገቢ ይዛ ባንክ ብትሄድ ብድር አይሰጣትም፤ ያልተጻፈ ንግድ ለባንክ የሌለ ንግድ ነውና።

ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም የባሰ ነው። ባልና ሚስት ባንድነት ሱቅ ይከፍታሉ። እሷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ትጋግራለች፤ እሱ ያደርሳል፣ ሒሳብ ይይዛል። በዓመቱ መጨረሻ ግብር ሲታወቅ ትርፉ በሙሉ በእሱ ስም ይጻፋል። ነጥቡም በሙሉ የእሱ ይሆናል። ማንም ሊበድላት አስቦ አይደለም፤ ቅጹ ላይ ያለው መስመር አንድ ስም ስለሚጠይቅና እጁ ብዕር የያዘው እሱ ስለሆነ ነው። እርግጥ ነው፤ ሚስት በባሏ መዝገብ እስከ ግማሽ የሚደርስ ጡረታ ልታገኝ ትችላለች። ነገር ግን ከተፋቱ ጋብቻው ቢያንስ 10 ዓመት የቆየ መሆን አለበት። ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ያገለገለች ሚስት በዚህ መንገድ ምንም የላትም። በ2007 የወጣ ሕግ ግን ባልና ሚስት በኩባንያ መልክ ሳያቋቁሙ በጋራ የያዙትን ንግድ ትርፍ ለሁለት ከፍለው እንዲያስታውቁና ነጥቡም ለየራሳቸው እንዲያዝላቸው ፈቅዷል። ወረቀቱ አለ፤ ያልተገኘው የሚሞላው ሰው ነው።

ስለ ዕቁብ ሳንናገር ብናልፍ ውለታ ቢሶች እንሆናለን። ባንክ ፊቱን ባዞረባቸው ዓመታት እናቶችን ያቆማቸው ዕቁብ ነው። ሃያ ሰዎች በወር 500 ዶላር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣላት 10,000 ዶላር ባንድ ጊዜ ትይዛለች፤ ወለድ የለም፤ የሚጠየቀው ዋስና ታማኝነት ብቻ ነው። ማቀዝቀዣውም፣ ሁለተኛው ምጣድም፣ የሱቁም ቀብድ ብዙ ጊዜ የተገኘው ከዚያ ነው። ደግሞም ሴት በራሷ ዳኝነት የምትቀመጥበት ሸንጎ ነው። ሆኖም ዕቁብ አንድ ነገር አይችልም። አሥር ዓመት ሳታጓድል የጣለችው ገንዘብ ታማኝነቷን ለዕቁብተኛው ያስመሰክራል እንጂ በብድር መዝገብ ላይ አንዲት መስመር አያጽፍላትም። ስለዚህ ዕቁብ መነሻ ይሁን፤ መድረሻ ግን አይሁን። በአርሊንግተን በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል ለአነስተኛ ነጋዴዎች ብድር የሚሰጥ ክፍል አለው። የፌዴራሉም የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች አማካይነት ያቀርባል። ወደዚያ የሚያደርሰው ድልድይ የተጻፈ ሒሳብ ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። አንደኛዎቹ ታላላቆቻችን ናቸው። «ሴት ገንዘብ ስትይዝ ትዳር ይፈርሳል፤ አሜሪካ ቤታችንን ያፈረሰው በዚህ ነው» ይላሉ። እኛ አባቶቻችንን አንንቅም። ታክሲ ሲነዱ አድረው፣ በአገራቸው የነበራቸውን ማዕረግ አጥተው፣ በቤታቸው እንኳ ራስነታቸው ሲነካ የሚሰማቸውን ሕመም እናውቃለን። ነገር ግን መልሳችን አጭር ነው። መሄጃ ስለሌላት ብቻ የተቀመጠች ሴት ያለችበት ቤት ትዳር ሳይሆን ግዞት ነው። መሄድ እየቻለች የተቀመጠች ሚስት ግን ባሏን በየቀኑ እንደ አዲስ መረጠችው ማለት ነው። አስተዋይ ባል ከሁለቱ የትኛው ክብር እንደሆነ ያውቃል።

ሁለተኛዎቹ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ናቸው። «ይህ ምን ነፃነት ነው? ካንዱ ማድቤት ወደ ሌላው ማድቤት መሄድ አይደለም ወይ? ምድጃው ያው፣ ጭሱ ያው፣ ድካሙ ያው» ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ጋጋሪዋ በቀን 14 ሰዓት ቆማ ትውላለች። ትከሻዋ ይዝላል፤ ዓይኗ በእንፋሎት ይቃጠላል። አለቃ የለኝም ብትልም ደንበኛው፣ የቤት ኪራዩና የጤፉ ዋጋ አለቆቿ ናቸው። ንግድ ሁሉን ያድናል የሚል ሰው ካለ እኛ ከእሱ ጋር አይደለንም። ነገር ግን የሁለቱን ማድቤቶች ልዩነት ጓደኞቻችን ዘንግተዋል። በመጀመሪያው ማድቤት የድካሟ ዋጋ «እግዜር ይስጥሽ» ነው፤ በሁለተኛው ዋጋ ይተመናል፤ የተተመነም ነገር ሊጻፍ፣ ሊጠየቅ፣ በፍርድ ቤትም ሊያስከራክር ይችላል። ነፃነት ከምድጃ መራቅ ብቻ አይደለም፤ ከምድጃው የወጣውን ማዘዝም ነው።

የዚህኑ ክርክር ሌላ ገጽታ ደግሞ እኛው ራሳችን እንጨምራለን። ሥራው ሲሰፋ እናት አንዲት አዲስ መጥ ሴት ትቀጥራለች። ይህች ሴት ቋንቋ የላትም፤ ዘመድ የላትም፤ የተሰጣትን በእጇ ተቀብላ ትሄዳለች። ትናንት ላቧ ያልተጻፈላት እናት ዛሬ የሌላዋን ላብ ሳትጽፍ ብትቀር፣ ነፃነቷ በሌላ ሴት ጀርባ ላይ የቆመ ይሆናል። ስለ እናት ስም የምንከራከር ሁሉ ስለ ረዳቷም ስም ልንከራከር ይገባናል።

ሦስተኛው ነገር የሚነካው እኛን፣ የተማርነውን ልጆች ነው። እናት ደብዳቤ ሲመጣላት «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» ትላለች። ልጁ በችኰላ ያይና «ተዪው እማዬ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። የባንኩን የይለፍ ቃል ልጅ ያውቀዋል፤ እናት አታውቀውም። ቅጹን ልጅ ይሞላዋል፤ እናት በጣቱ የተመለከተላት ቦታ ላይ ትፈርማለች። ይህ እርዳታ ነው ወይስ አዲስ ራስነት? የቁጥር 635ቱ የተሻረ ጌታ በልጅ መልክ ተመልሶ ሲገባ እናያለንና፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት «እናት ብታውቅ በልጅ ያልቅ» ሆኖ እንዳይታደስ እንፈራለን። ሴት ልጅ ብትሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ብዕሩን የያዘው ያዛል።

«እንግሊዝኛ አትችልም» የሚለውም ምክንያት የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን ከሚያስተረጕሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤትም አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል። እናት በገዛ ቋንቋዋ ጠይቃ መልስ የምታገኝበት መስኮት አለ ማለት ነው። ይህን ሳይነግራት እሱ ራሱ አስተርጓሚ የሚሆንላት ልጅ ያገለግላታል እንጂ ነፃ አያወጣትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ማኅበራችን ትልቅ ገንዘብ የለውም፤ ጊዜና ፊደል ግን አለው። አንደኛ፣ ይህን መጽሔት በምናባዛበት መሣሪያ አራት ገጽ የማትሞላ አንዲት መምሪያ በአማርኛ እናዘጋጅ። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የጡረታ ነጥብና የባልና ሚስት የጋራ ንግድ ምን እንደሆኑ በግልጽ ቋንቋ ትናገር። በቤት የተሠራ ምግብ የመሸጥ ሕግ በሦስቱም አገረ ገዢነት የተለያየ ነው። ለምሳሌ ሜሪላንድ ከ2012 ጀምሮ አንዳንድ ምግብ በቤት ማድቤት ተሠርቶ እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ የሜሪላንዱ ፈቃድ ግን ለዋሽንግተን አይሠራም። መምሪያዋ ይህንንም ለየብቻው ታስረዳ። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ምሽት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠን ከሚመጡ እናቶች ጋር ወረቀታቸውን እናንብብ። ደንባችን ግን አንድ ይሁን፤ ብዕሩን እናት ትያዝ። እኛ እናስረዳ እንጂ አንሙላ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ እናቱን በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቧ ላይ ስንት ነጥብ እንዳላት ራሷ እንድትመለከት ያሳያት። የአርባውን ሥፍራ ዜሮ ይዞት ካገኘች፣ ከንግግር ሁሉ ይልቅ ያ ቁጥር ያስተምራታል።

ሥራው ትንሽ ነው፤ ጀግና አያሰኝም፤ ጋዜጣም አያወጣም። እኛ ተማሪዎች ስለ ትላልቅ ነፃነቶች መከራከር እንወዳለን፤ መከራከራችንም መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ሕዝብ ነፃነት የሚጽፍ ብዕር ስለ እናቱ ነፃነት አንዲት መስመር መሙላት ካልቻለ፣ ጽሑፉን ማን ያምነዋል?

የግብር ማስታወቂያው ቀን አፕሪል 15 ነው። ከዚያ በፊት በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ቅጽ መዘርጋቱ አይቀርም። ቅጹ ላይ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር አለ። በዚያ መስመር ላይ የሚገባው ስም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሣችው ሴት ስም ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። የእናቶቻችን ሥራ እስከ ዛሬ ያለው በቃል ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ በጽሑፍ ይሁን።